ጠርሙስ አጣቢው ሊቅ

ከሆሳዕና ቦኖሻ የሚመላለስ መኪና ሞተሩ ውስጥ አቧራ ከገባ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይበላል። ጉልበት ያንሰዋል፣ ዘይትም ይጨርሳል። ከመከላከያዎቹ አንዱ ሲሊንደሩን በክሮም መለበጥ ነው። ዛሬ ክሮምን ስላገኘው ሰው እናወጋችኋለን።

ሉዊ ኒኮላ ቮክላን እ.ኤ.አ. በ1763 በፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ገጠር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ሩዋን ከተማ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ጠርሙስ ያጥብ ነበር። ኋላ ፓሪስ ሲገባ ኬሚስቱ ፉርክሯ ረዳቱ አድርጎ አስተማረው። በ1797 ከሳይቤሪያ የመጣ ቀይ ማዕድን ሲመረምር አዲስ ብረት እንዳለበት ደረሰበት፤ በዓመቱም ለይቶ አወጣው። ያም ክሮም ነው።

ቮክላን በ1829 እስኪሞት ድረስ ክሮም የታወቀው በቀለም መሥሪያነቱ ነበር። ሲሊንደር ላይ የተሞከረው በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ልሙጥ ክሮም ዘይት አይዝም፤ ስለዚህ ሞካሪዎቹ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አበጁለት። ዘይቱ እዚያ ሲቀመጥ የሲሊንደሩ መበላት ቀነሰ።

ቮክላን መምህርም ነበር። ፉርክሯ ሲሞት የማስተማር ወንበሩን ወረሰ፤ የመምህሩንም እህቶች ጦረ። እኛም ነገ ክፍል ስንገባ ከኋላ የተቀመጠውን የድኻ ልጅ አንናቀው። ፍሬውን እኛ ባናየው እንኳ ሌላው ያየዋል።