አስቴር ጋኖ፦ ከትዝታዋ ለልጆች መጽሐፍ ያወጣች የወንጌል አገልጋይ



በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ ወይም በሞያሌ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ከሆናችሁ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። ማታ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ የዳዊትን ታሪክ ልታነቡለት መጽሐፍ ትገልጣላችሁ። መጽሐፉ በአማርኛ ነው፤ ስዕሎቹም የሩቅ አገር ናቸው። ልጁ ግን የሚጫወተውም የሚያልመውም በቦረና ኦሮምኛ ነው። እናንተም መጽሐፉን አጥፋችሁ በራሳችሁ አንደበት መተረክ ትጀምራላችሁ።

ያን ማታ የተረካችሁለትን ታሪክ በወረቀት ብታሰፍሩት ምን ይሆናል? ዛሬ ሕይወቷን የምንነግራችሁ እህት ለዚህ ጥያቄ መልስ አላት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቤቷ የተነጠቀች ልጅ

አስቴር ጋኖ የተወለደችው በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። ስትወለድ ነፃ ነበረች፤ ነገር ግን ገና በልጅነቷ ተነጥቃ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ሆነች። በኋላም ወደ ዓረብ ምድር ባሮች በሚያጓጉዝ መርከብ ላይ ተጫነች። በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች ያን መርከብ በቀይ ባሕር ላይ አስቁመው በውስጡ የነበሩትን ነፃ አወጡ። አስቴርም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ልጅ ነበረች።

ወላጆች ሆይ፣ እስቲ አስቡት! እናት የለም፣ አባት የለም፣ አገር የለም። ከአባት ቤት የቀራት ነገር ቢኖር ቋንቋዋና በልጅነቷ የሰማችው ተረት ብቻ ነበር። ማንም ሊነጥቃት ያልቻለውን ይህን ሀብት ጌታ ለሥራው ሊጠቀምበት ነበር።

ከአናሲሞስ ጋር

በእምኩሉ አናሲሞስ ነሲብ ይሠራ ነበር። እርሱም በ1856 አካባቢ በኢሉባቦር በሁሩሙ አቅራቢያ ተወልዶ ሂካ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ ደጋግሞ ከተሸጠ በኋላ በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ። በ1872 ተጠመቀ፤ በስዊድንም ለአምስት ዓመት ተማረ። ከዚያም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመተርጎም ሸክም ወደቀበት።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ነበረበት። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለሆነ በኦሮምኛ ተናጋሪዎች መካከል አላደገም። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያህል ነገር ለመተርጎም ደግሞ የልጅ ቋንቋ አይበቃም። ስለዚህ ቋንቋው በአንደበታቸው ትኩስ የሆነ ሰዎች ያስፈልጉት ነበር። አስቴር የተገኘችው በዚህ ጊዜ ነው። ሚሲዮናውያኑ የቋንቋ ተሰጥኦዋን አይተው የኦሮምኛ ቃላትን እንድትሰበስብ አደረጉ። የሰበሰበችውም በ1893 ለታተመው አዲስ ኪዳን ማስተካከያ ዋለ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅድስት ክሪሾና ታተመ። ትርጉሙ እስከ ዛሬ በአናሲሞስ ስም ይጠራል፤ የአስቴር ድካም ግን በገጾቹ ሁሉ ውስጥ አለ።

የልጆቹ መጽሐፍ

ውድ አንባቢያን፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አስቴር ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች መጻፍ ጀመረች። የጻፈችው 500 ያህል ደረሰ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ንባብ ለሚጀምሩ በተዘጋጀው የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተው በ1894 በእምኩሉ ታተሙ። ከአናሲሞስ ጋርም የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን መጽሐፍ ተርጉማለች።

ይህ እንደ ዛሬው በቀለም ያሸበረቀ የሕፃናት መጽሐፍ አልነበረም። ነገር ግን ለማን እንደተሠራ ልብ በሉ። በእምኩሉ የነበሩት ብዙዎቹ ልጆች እንደ አስቴር ከባርነት የተረፉ ናቸው፤ ማታ ተረት የሚነግራቸው አያት አልነበራቸውም። መጽሐፉ እናትና አያት ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ ሠራ። ልጁ መጀመሪያ በሚያውቀው ተረት ፊደል ቆጠረ፤ ፊደል የቆጠረውም ልጅ ወንጌልን በገዛ ቋንቋው አነበበ።

ወደ አገር ቤት

በ1904 አናሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች የሥራ ባልደረቦቻቸው ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ በነቀምትም ማስተማር ጀመሩ። ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ ሲሰሙ ብዙዎች ተሳቡ፤ ተቃውሞም ተነሣ። በ1906 አናሲሞስ ተከሶ እንዲሰደድ ተፈረደበት። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው ወደ ነቀምት እንዲመለስ ቢፈቅዱም እንዳያስተምር ከለከሉት። በ1916 ልጅ ኢያሱ እስኪፈቅዱለት ድረስ ዓመታት አለፉ። አናሲሞስ በ1931 ወደ ጌታ ሄደ። አስቴር ግን በነቀምት ማስተማሯን ቀጥላ በ1964 አረፈች። በልጅነቷ እንደ ዕቃ የተሸጠችው ሴት በሽምግልናዋ የብዙዎች መምህር ሆና ሩጫዋን ፈጸመች። ክብር ለጌታ ይሁን!

የሌላ አገር አባት

በአሜሪካ ደግሞ ኬኔት ቴይለር የሚባል የአሥር ልጆች አባት ነበር። በቤት ውስጥ ጸሎት ጊዜ ልጆቹ የጥንቱ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ አልገባ ሲላቸው አየ። በ1956 ለሕፃናት የሚሆን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በስዕል አሳተመ፤ ከየስዕሉ ጋር አጭር ታሪክና ጥያቄ ነበረው። ወደ ሥራ በሚመላለስበት ባቡር ውስጥም መልእክቶቹን በቀላል ቋንቋ መጻፍ ጀመረ፤ ይህም በ1971 ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ሆኖ ወጣ። መነሻው የገዛ ልጆቹ ፊት ነበር።

እናንተስ?

ወንጌል በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሰዎችና በአገሬው ወንጌላውያን አማካይነት ወደ ቦረና ቆላ ሲደርስ በኦሮምኛ የሚነበብ ቃል አስቀድሞ ታትሞ ነበር። ሆኖም የአስቴር መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ከ1991 ወዲህ ልጆቻችሁ የሚማሩት ደግሞ በቁቤ ነው። የቦረና ዘዬም ከወለጋው ይለያል። ስለዚህ ሥራው አልቋል ማለት አይቻልም።

ዘዳግም 6፥6-7 ቃሉን ለልጆች የማስተማሩን ሥራ ለወላጆች ይሰጣል፤ በቤት ተቀምጠውም በመንገድ ሲሄዱም እንዲናገሩት ያዝዛል። ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? አንድ ደብተር ግዙ። ልጃችሁ ደጋግሞ ንገሩኝ የሚለውን አንድ ታሪክ ምረጡ። በሚናገርበት ቋንቋ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ስዕሉን ራሱ ይሳለው። መልካሙ እረኛ በጎችን ውኃ ሲያጠጣ ልጃችሁ የሚስለው የሚያውቀውን የቦረና ኤላ ይሆናል፤ ከበጎቹ አጠገብ ግመል ቢጨምርም አትከልክሉት። ከዚያም ደብተሩን ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪው አሳዩት፤ የጎረቤት ልጅም ያንብበው።

አስቴር እናትና አባቷ አጠገቧ ሳይኖሩ ይህን ሠራች። የእናንተ ልጅ ግን ዛሬ ማታ አጠገባችሁ አለ። ጌታ ይርዳችሁ።