ለሌለ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ

አንድ ወዳጄ ከፓሪስ ሲመለስ ያመጣልኝ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ወራት አስቆጥሯል። ፈረንሳይኛዬ ከትምህርት ቤት ወዲህ ስለዛገ አንዷን ገጽ ለመጨረስ መዝገበ ቃላቱን አምስት ስድስት ጊዜ መግለጥ ነበረብኝ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የቦዳ ልቦለድ» ማለት ነው። ደራሲዋ ኤሎይዝ ጌ ደ ቤሊሰን ትባላለች። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚያወራን ቦዳ ነው፤ ቦዳ ደግሞ ሰው አይደለም። «ኒርቫና» የተባለው የሮክ ባንድ መሪ ከርት ኮቤይን ሕፃን ሳለ በሐሳቡ የፈጠረው፣ ከእሱ በቀር ማንም አይቶት የማያውቅ ጓደኛ ነው።

ይህ የደራሲዋ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ብልኃት ነው ብዬ ባለፍኩት። ነገር ግን ከርት በ27 ዓመቱ ራሱን ሲያጠፋ ትቶት የሄደው ደብዳቤ ራስጌ ላይ የተጻፈው ስም የሚስቱ አይደለም፣ የእናቱም አይደለም። ቦዳ ይላል። ይኼን እውነት ሳስብ ነው መጽሐፉን ተቀምጬ የጨረስኩት።

የሞተበት ቀን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1994 ነው፤ በእኛ መጋቢት 27 ቀን 1986 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አስከሬኑ የተገኘው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሲያትል በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ለኤሌክትሪክ ሥራ በመጣ ባለሙያ ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀናት መካከል የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀና ያ ሁሉ እልቂት ተጀመረ። ስለዚህ በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ ስለ አንድ አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች ሞት ያወራ ሰው ትዝ አይለኝም። እኔ ድምፁን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ፣ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ባዋሰኝ፣ ከካሴት ወደ ካሴት ተገልብጦ ተገልብጦ በሚንሿሿ ቅጂ ነበር። ስለዚህ ጓደኛዬ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከርት የተወለደው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1967 በዋሽንግተን ግዛት፣ አበርዲን በምትባል ከተማ ነው። አበርዲን የእንጨት ቆራጮች ከተማ ነች፤ ዝናብ የማይለያት፣ ዛፉ ሲያልቅና መሰንጠቂያዎቹ ሲዘጉ ሥራ አጡ የበዛባት። አባቱ መካኒክ፣ እናቱ አስተናጋጅ ነበሩ። ሥዕል የሚወድ፣ የሚዘፍን፣ ቤቱን በሳቅ የሚሞላ ልጅ እንደነበር ቤተሰቡ ይናገራል። ቦዳም የዚያ ዘመን ሰው ነው። ከርት አንድ ነገር ሲሰብር የሠራው ቦዳ ይሆናል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቻርልስ ክሮስ እንደሚተርከው፣ ወደ ቬትናም ጦርነት ሊዘምት የነበረ አጎቱ ቦዳን ይዤው ልሂድ፣ ጓደኛ ይሆነኛል ብሎ ሲጠይቀው ሕፃኑ ግራ ተጋባና ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ ቦዳ እኮ እውነተኛ ሰው አይደለም፣ አጎቴ ይህን አያውቅም እንዴ የሚል ነገር አንሾካሾከላት ይባላል። ልጁ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የሌለ መሆኑን እያወቀ ነበር የሚያጫውተው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናትና አባቱ ተፋቱ። በአሜሪካ ፍቺ ብርቅ አይደለም ይባል ይሆናል፤ ለእሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ያልሻረ ቁስል ነበር። አባቱ ጋ ሄደ፣ አባት ሌላ አገባ። ከዚያ አጎት ቤት፣ አያት ቤት፣ ጓደኛ ቤት። ይኼ ከቤት ቤት መዞር እኛም አገር የምናውቀው ነገር ነው፤ የዘመድ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ማታ ማታ ለመኝታ የሚነጠፍለትን ፍራሽ ሲጠብቅ ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው አጎቱ ከብስክሌትና ከጊታር አንዱን ምረጥ አለው። ጊታሩን መረጠ። በግራ እጁ ነበር የሚጫወተው። ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው አቋረጠ፤ የወጣበትን ትምህርት ቤት ወለል በጽዳት ሠራተኛነት የወለወለበት ጊዜም አለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከርት ከቤት በተባረረ ጊዜ በከተማዋ ወንዝ ላይ ባለው ድልድይ ሥር እያደረ ይኖር እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናግሯል፤ ዘፈንም አውጥቶበታል። የባንዱ አባል የነበረው ክሪስት ኖቮሴሊች ግን ይህ አልሆነም ይላል። ወንዙ ከባሕሩ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ዳርቻው ጭቃ ስለሆነ፣ እዚያ ሰው ሊኖር አይችልም፤ ልጆች ሆነን እዚያ እንውል ነበር፣ እሱ ማደር አልነበረም ባይ ነው። እንግዲህ የራሱን ሕይወት ቀድሞ ልቦለድ ያደረገው ራሱ ባለቤቱ ነው። ድልድዩ ሥር አድሯል የሚለው ተረት ግን ሐሰት ነው ብዬ አልጥለውም። ማደሪያ ያጣ ልጅ ማደሪያ ማጣቱን ለሰው ለማስረዳት አንድ ቦታ ያስፈልገዋል። ድልድዩ ያ ቦታ ነበር።

«ኒርቫና» የሚለው ስም የወጣው በ1988 ነው። የመጀመሪያው አልበም «ብሊች» በ606 ዶላር ተቀርጾ በ1989 ወጣ። ከርት በዚያን ጊዜ ኦሊምፒያ በምትባል ከተማ፣ ሴት ጓደኛው እየሠራች የቤት ወጪውን እየቻለች፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ሲሥልና ሲጽፍ፣ ጊታር ሲከረክር ይውል ነበር። ከበሮ መቺ ሲቀያይሩ ቆይተው በ1990 ዴቭ ግሮልን አገኙ። በሴፕቴምበር 1991 ደግሞ «ኔቨርማይንድ» ወጣ። ኩባንያው መጀመሪያ ገበያ ላይ ያዋለው 46 ሺሕ ያህል ቅጂ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ይሸጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በጃንዋሪ 1992 ግን የማይክል ጃክሰንን አልበም ከአንደኛነት አወረደው። እስከ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ይነገራል። የዓለም ወጣት የዘመረው ታዋቂው ዘፈን ርዕስ እንኳን የመጣው አንዲት ጓደኛው ግድግዳው ላይ ከጻፈችበት ቀልድ ሲሆን፣ በቀልዱ ውስጥ ያለው ስም የሴቶች የብብት ዲዮዶራንት ስም መሆኑን ከርት ያወቀው በኋላ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚነገረውን ታሪክ ሁላችንም የሰማነው ይመስለኛል። ዝናን የጠላ፣ ዝና የገደለው ሰው። እኔ ይህን አተራረክ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ክሮስ እንደሚለው ይኸው ዝናን ጠላ የሚባለው ሰው ቪዲዮው በቴሌቪዥን በበቂ አልታየም ብሎ ሥራ አስኪያጆቹን የሚነዘንዝ ሰው ነበር። ፈልጎታል። ሲያገኘው ደግሞ በልጅነቱ ሲደበድቡት የኖሩትን ዓይነት ጎረምሶች ከመድረኩ ሥር ሆነው ዘፈኑን ሲያዜሙለት አየ። መፈለግና መጸየፍ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ሲቸግራቸው አያለሁ፤ ወይ ይህ ነው ወይ ያ ነው ይላሉ።

ሆዱን ያመው ነበር። ሐኪሞች መንስዔውን ያላገኙለት፣ ሌሊት ሌሊት የሚያጥፈው ሕመም። ሄሮይን የጀመርኩት ሕመሙን ስለሚያስታግስልኝ ነው ይል ነበር። ሱሰኛ ሰበብ አያጣም የሚሉ አሉ፤ ሕመሙ ግን ውሸት አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1992 ሃዋይ ውስጥ ኮርትኒ ላቭን አገባ፤ ሙሽራው የለበሰው የመኝታ ልብስ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ልጃቸው ፍራንሲስ ቢን ተወለደች። አንድ መጽሔት እናትየዋ በእርግዝናዋ ጊዜ ሄሮይን ወስዳለች የሚል ጽሑፍ አወጣና የሎስ አንጀለስ ባለሥልጣናት ሕፃኗን ለጊዜው ከወላጆቿ እጅ አወጧት። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ቤቱ የፈረሰበት ሰው የራሱ ልጅ በመንግሥት ትእዛዝ ስትወሰድበት ምን ሆኖ ይሆን? የትኛውም ሰነድ ይህን አይመልስም። ልቦለድ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

በኖቬምበር 1993 ኒውዮርክ ውስጥ ለቴሌቪዥን የተቀረጸውን ኮንሰርት ያላየ ቢያየው አይቆጭም። መድረኩ በነጭ አበባና በጥቁር ሻማ እንዲሞላ ያዘዘው ራሱ ነው። የቀብር ሥርዓት መስሏል። ሹራብ ለብሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ታዋቂ ዘፈኖቹን አብዛኞቹን ትቶ የሌሎች ሰዎችን ዘፈን ሲዘፍን ታየዋለህ። ሳቅም አለበት፤ በዘፈን መሀል ይቀልዳል። ሰው ይህን ቪዲዮ ዛሬ ሲያይ ከአምስት ወር በኋላ የሚሆነውን ስለሚያውቅ ሳቁን አይሰማውም።

በማርች 1994 መጀመሪያ ሙኒክ ላይ የመጨረሻውን ኮንሰርት አሳየ። ከቀናት በኋላ ሮም ውስጥ መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዶ ራሱን ስቶ ተገኘ፤ ተረፈ። በወሩ መጨረሻ ገደማ ሎስ አንጀለስ ከሚገኝ የማገገሚያ ማዕከል ጠፍቶ ወጣ። ቤተሰቡ ሲፈልገው እሱ ሲያትል ነበር።

አሁን ወደ ልቦለዱ ልመለስ። የሞተን ሰው፣ ያውም ሚስቱና ልጁ በሕይወት ያሉለትን ሰው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ይህን አሰበ፣ ይህን ፈራ ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው ወይ? መጀመሪያ ላይ አይደለም ባይ ነበርኩ። የግል ማስታወሻ ደብተሮቹ በ2002 ታትመው ሲሸጡም ቅር ብሎኝ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ነገር ያደረጉት ልቦለድ ጸሐፊዎች ብቻ አይደሉም። ክሮስ ራሱ ልቦለድ ባልሆነው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ማንም ያላየውን የከርትን የመጨረሻ ሰዓታት እዚያ እንደነበረ ሰው አድርጎ ተርኳቸዋል፤ ለዚህም ተወቅሷል። ጉስ ቫን ሳንት በ2005 ባወጣው ፊልም ቢያንስ የዋናውን ሰው ስም ለውጦታል። ፈረንሳዊቷ ደግሞ ትረካውን ለቦዳ ሰጠችው። ቦዳ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ የሚነግረን ነገር ማስረጃ ነኝ አይልም። ከሁሉም ይልቅ ይኼኛው ሐቀኛ ሆኖ አገኘሁት።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ካሴቱን ያዋሰኝ ጓደኛዬ ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ በያዘ በሁለተኛው ወር ራሱን አጠፋ። ቤተሰቡ ድንገተኛ ሕመም ነው አለ፤ እኛም ድንገተኛ ሕመም ነው አልን። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም ስለሚባል ማንም ቃሉን ሊያወጣው አልፈለገም። ያወቁት ሁለት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጥፋቱን በካሴቶቹ ላይ አላከኩ። ካሴቱ አልነበረም። እሱን ከማወቃችን በፊት ጀምሮ የከበደው ነገር እንደነበረ አሁን ወደ ኋላ ስመለከት ይታየኛል፤ ያኔ ዝምተኛ ነው ብለን አልፈነዋል። ደብዳቤ አልተወም።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ እናቱ አጠገባቸው አስቀመጡኝና በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸው ምን ምን ይነግረኝ እንደነበረ ጠየቁኝ። እውነቱ፣ በዚያ ሳምንት አልተነጋገርንም ነበር። ካሴቱን አልመለስክም ብሎኝ ተኳርፈናል። እኔ ግን እትዬ፣ ከሚቀጥለው ደመወዙ ለፋሲካ ነጠላ ሊገዛልዎት እያሰበ ነበር አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እጄን ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

በአርባኛው ቀን ቤታቸው ስሄድ ከጓዳ በኩል ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ለጎረቤት ሴቶች ስለ ነጠላው ይተርኩላቸዋል። ጥለቱ አረንጓዴ እንዲሆን አስቦ እንደነበረ፣ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ዋጋ ጠይቆ እንደተመለሰ ነገሯቸው። እኔ ስለ ጥለቱም ስለ ሽሮ ሜዳም አንድም ነገር አላልኩም ነበር።