አላን ቱሪንግ፤ ኮምፒዩተርን በደብተር ላይ ያሰበ ሰው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደሴን መንገድ ይዞ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ለገጣፎን ካለፈ በኋላ ለገዳዲ ይደርሳል። ለገዳዲ በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ የታወቀው በግድቡ ነው፤ ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተሠራ ወዲህ ለከተማው የሚጠጣ ውሃ ከዚያ ይመጣል። ዛሬ ግን ስለ ለገዳዲ የምናነሣው ስለ አስተማሪዎች ለመናገር ነው። በለገዳዲም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚገኙ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎች የኮምፒዩተርንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ትምህርት ለሕፃናት ለማስተማር መሠልጠን አለባቸው የሚለው ሐሳብ በዓለም ሁሉ እየተሰማ ነው። አገራችንም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ጀምራለች። ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ግን ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ኮምፒዩተር መጣ ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አስተማሪው ራሱ ምን ማወቅ ይገባዋል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የአንድ ሰው ሕይወት አለና እርሱን እንተርካለን። ስለዚህ ሰው የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አላን ማቲሰን ቱሪንግ ጁን 23 ቀን 1912 በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ በህንድ አገር የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ስለ ነበረ፣ ሕፃኑና ታላቅ ወንድሙ በእንግሊዝ አገር ከአንድ ጡረተኛ የጦር መኮንንና ከባለቤቱ ዘንድ ተትተው አደጉ። አላን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ሸርቦርን ወደሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ትምህርቱ በሚጀመርበት ጊዜ የአገሩ ሠራተኛ ሥራ አቁሞ ስለ ነበረ ባቡር አልተገኘም። ልጁም ከሳውዝአምፕተን ወደብ በብስክሌት ተነሥቶ፣ አንድ ሌሊት በመንገድ አድሮ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ተጉዞ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ደረሰ።

በትምህርት ቤቱ ግን ብዙ ምስጋና አላገኘም። የእጅ ጽሕፈቱ የተዝረከረከ ነበረ፤ ደብተሩ በቀለም የተበላሸ ነበረ፤ የሒሳብ መልስ ሲሰጥም አካሄዱን ሳያሳይ ወደ መጨረሻው ይዘል ነበር። ርዕሰ መምህሩም ልጁ የሳይንስ ሰው ብቻ ለመሆን የሚፈልግ ከሆነ በዚህ ትምህርት ቤት ጊዜውን ማባከኑ እንደ ሆነ ለወላጆቹ ጻፈላቸው። እዚህ ላይ ርዕሰ መምህሩን ለመውቀስ መቸኰል አያስፈልግም። ስድሳ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ይዞ ያስተማረ ሰው፣ አካሄዱን የማይጽፍ ልጅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃል። ቱሪንግ ኋላ ዓለምን ያስተማረው ደግሞ ይህንኑ በልጅነቱ እምቢ ያለውን ነገር፣ እያንዳንዱን እርምጃ ሳይዘሉ መጻፍን፣ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በትምህርት ቤቱ አንድ የቅርብ ወዳጅ አገኘ፤ ክሪስቶፈር ሞርኮም ይባላል። ሁለቱ ስለ ከዋክብትና ስለ ኬሚስትሪ እየተወያዩ፣ በትምህርትም እየተፎካከሩ ሲኖሩ ሞርኮም በ1930 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ቱሪንግ ኀዘኑን በሥራ ተወጣው። የሰው አሳብ ከሥጋው ጋር እንዴት ተያይዞ ይኖራል የሚለው ጥያቄም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተወውም።

በ1931 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በሃያ ሁለት ዓመቱም የኪንግስ ኮሌጅ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ። በዚያ ዘመን የሒሳብ ሊቃውንትን የሚያከራክር አንድ ጥያቄ ነበረ። ማንኛውም የሒሳብ አባባል የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑን፣ ማሰብ ሳያስፈልግ ደንብ በመከተል ብቻ ለመለየት ይቻላልን? ሌሎቹ ጥያቄውን በረቀቀ ሒሳብ ሲያጠቁት ቱሪንግ ግን የጠየቀው እንደ ሕፃን ነው፤ ለመሆኑ ደንብ ተከትሎ ማስላት ማለት ምን ማለት ነው ብሎ።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝኛ ኮምፒዩተር የሚለው ቃል የሰው ስም ነበረ። በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው ሲያሰሉ የሚውሉ ጸሐፊዎች፣ ይልቁንም ብዙ ሴቶች፣ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ቱሪንግ ይህን አስሊ ሰው በዓይነ ሕሊናው ፊቱ አስቀመጠና ሥራውን ሲመለከት ዋለ። ሰውየው የሚጽፈው ሕፃናት ሒሳብ በሚሠሩበት በባለ ካሬው ደብተር ላይ ነው። በአንድ ጊዜ የሚያየው ጥቂት ካሬ ነው። ያየውን ምልክት ከደንቡ ጋር ያስተያያል፤ ወይ ይጽፋል፣ ወይ ይደመስሳል፣ ወይ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ የሚሠራው የለም። እንግዲያውስ ይህን የሚሠራ መኪና፣ የጽሕፈት መኪና እንደምንለው ያለ አስሊ መኪና፣ ሊታሰብ ይችላል። ከዚያም ቀጠለና፣ የሌላውን መኪና ደንብ በወረቀት ላይ ተጽፎ ከተሰጠው እንደዚያ መኪና ሆኖ የሚሠራ አንድ መኪና እንዳለ በሒሳብ አሳየ። ዛሬ አንዱ ስልክ ደብዳቤም፣ ሒሳብ ማስያም፣ ሙዚቃ ማጫወቻም የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያው ጽሑፍ የትኛውም አስሊ መኪና ሊፈታው የማይችል ጥያቄ መኖሩንም አረጋገጠ። ጽሑፉ ለሊቃውንት ማኅበር የቀረበው በ1936 ነው፤ ጸሐፊው ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ በዓለም ላይም ዛሬ ኮምፒዩተር የምንለው ዕቃ አንድም አልነበረም።

የለገዳዲ አስተማሪ ልብ ሊለው የሚገባው ይህን ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት የተወለደው በወረቀት ላይ ነው፤ መብራት ቢጠፋም፣ ዕቃው ቢበላሽም፣ ከነጭራሹ ባይመጣም መጀመሪያው ክፍል ሊማሩት ይቻላል። አስተማሪውን የሚያሠለጥን ሰው ቁልፍ መጫንን ብቻ አሳይቶ የላከው እንደ ሆነ ግን መብራት በጠፋ ቀን ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል።

ምሳሌ ለመፈለግም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የለገዳዲ ውሃ ከግድቡ ወጥቶ ወደ ቧንቧው እስኪገባ የሚያልፍበት ሥርዓት አለ፤ ጭቃውን የሚያሰባስብ ኬሚካል ይጨመርበታል፣ እንዲጠል ይደረጋል፣ በአሸዋ ይጣራል፣ በመጨረሻም ክሎሪን ይገባበታል። ተራው ቢዛባ ውሃው አይጠጣም። ፕሮግራም ማለትም ይኸው ነው። ከዚህ የጠለቀ ምሳሌ የፈለገ ደግሞ ሊቃውንቶቻችን ባሕረ ሐሳብ የሚሉትን ይመልከት። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ድምሩ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው 1 ሲነሣለት ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ቢሠራ ድምሩ 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ወንበር 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ 132 ስለሚሆን አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ 228 ስለሚሆን መጥቅዕ 18 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ ካልመጡ አንዱ ቦታ ስሕተት አለ፤ ተማሪው ተመልሶ ይፈልገዋል። ወንበር አልቦ በሆነበት ዓመት መጥቅዕ 30 ነው የሚል ልዩ ደንብም አለው። ደንብ፣ ተራ፣ ማረጋገጫና ልዩ ሁኔታ፤ ዛሬ ለፕሮግራም ሠሪ የሚያስተምሩት አራቱም በዚህ ውስጥ አሉ። ይህን ስሌት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ኮምፒዩተር ምን እንደ ሆነ አላውቅም ሲል ብንሰማ አናምነውም።

ወደ ቱሪንግ እንመለስ። ሁለት ዓመት በአሜሪካ አገር በፕሪንስተን ተምሮ የዶክተርነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጦርነቱ በ1939 ሲነሣ የጠላትን ምስጢራዊ ጽሕፈት ወደሚፈቱበት ወደ ብሌችሊ ፓርክ ገባ። የፖላንድ ሊቃውንት አስቀድመው ጀርመኖች ኤኒግማ የሚሉትን የምስጢር መኪና የመፍታቱን መንገድ ከፍተው ነበር፤ ቱሪንግም ከባልደረባው ከጎርደን ዌልችማን ጋር ቦምብ የተባለውን ታላቅ መፍቻ መኪና ነደፈ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ መርከቦችን ያሰጥሙ የነበሩት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የሚላላኩት ወሬ ሊነበብ የቻለው በእርሱ ክፍል ሥራ ነው። ስለ ጠባዩ ብዙ ወሬ ይነገራል። የሻይ ኩባያውን እንዳይሰረቅበት በሰንሰለት ያስር ነበር ይባላል። የብስክሌቱ ሰንሰለት እየወለቀ ሲያስቸግረው፣ ስንት ዙር ከሄደ በኋላ እንደሚወልቅ ቆጥሮ አወቀና ከመውለቁ በፊት እየቆመ ያስተካክለው ነበር ይላሉ። የጦርነቱ ሥራ ግን ምስጢር ስለ ነበረ፣ እናቱ እንኳ ልጇ ምን እንደ ሠራ በሚገባ ሳታውቅ ኖረች።

ከጦርነቱ በኋላ ኮምፒዩተር ለመሥራት የሚያስችል ሙሉ ንድፍ አቀረበ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ሥራውን ስላጓተተበት በ1948 ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በማንቸስተርም አዲሱን ኮምፒዩተር ለሚጠቀሙ ሰዎች የማስተማሪያ መጽሐፍ ጻፈ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው አይተርከውም፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ዋና ነው። መጽሐፉ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ቱሪንግ ቁጥር የሚቈጥረው በአሥር ሳይሆን በሠላሳ ሁለት ሆኖ፣ ምልክቶቹም የቴሌፕሪንተር ፊደላት ሆነው፣ ትንሹ ቁጥር በፊት ትልቁ በኋላ እንዲጻፍ አደረገ። እርሱ በቃሉ ስለ ያዘው ሌላውም የሚይዘው መሰለው። ኮምፒዩተርን ከማንም በፊት ያሰበው ሰው ለጀማሪ ለማስረዳት ሲነሣ ተቸገረ፤ ማወቅና ማስተማር ሁለት ሙያ ናቸውና። ስለዚህ የኮምፒዩተር ምሩቅ አንድ ወደ ትምህርት ቤት መላክ ይበቃል የሚሉ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ቢያዩ መልካም ነበር። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ልጆቹን ያውቃል፤ የትኛው ቃል እንደሚገባቸው፣ የት ላይ እንደሚሰናከሉ ያውቃል። እርሱን ኮምፒዩተር ማስተማር፣ የኮምፒዩተሩን ሰው ሕፃናትን ማስተማር ከማስለመድ የሚቀል ይመስለናል።

በ1950 ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬም ድረስ የሚነበበውን ጽሑፍ አወጣ። መኪና ያስባልን ብሎ ከመከራከር ይልቅ፣ ከመጋረጃ በስተኋላ ሆኖ በጽሑፍ የሚመልሰው ሰው ይሁን መኪና ጠያቂው መለየት ይችል እንደ ሆነ እንፈትን አለ። በጽሑፉ መጨረሻ ደግሞ ስለ ትምህርት ተናገረ። የአዋቂን አእምሮ ለመሥራት ከመድከም፣ የሕፃንን አእምሮ የሚመስል መኪና ሠርቶ እንደ ልጅ ማስተማር ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሽልማትና ቅጣት እንደሚያስፈልግ ጻፈ፤ የመኪናው አስተማሪም በተማሪው ውስጥ የሚሆነውን በአብዛኛው እንደማያውቅ አስቀድሞ አመለከተ። እርሱ ራሱ በትንሹ ሞክሮት አልተሳካለትም። ዛሬ ሰውን እያነጋገሩ የሚያስደንቁት ፕሮግራሞች የሚሠሩት በእጅ በተጻፈላቸው ደንብ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ምሳሌ በመማር ነው፤ ሠሪዎቻቸውም ለምን እንዲህ እንደ መለሱ ሁልጊዜ ሊያስረዱ አይችሉም። አስተማሪው ይህን ለልጆቹ መንገር አለበት፤ ደንቡ በግልጽ የተጻፈበት መኪናና ከምሳሌ የተማረ መኪና አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መልስ እንደ አበቅቴና መጥቅዕ ሊረጋገጥ ይችላል። የሁለተኛው ሲሳሳትም እንደ ልበ ሙሉ ሰው አሳምሮ ይናገራልና ከመጽሐፍና ከአዋቂ ጋር መተያየት ያስፈልገዋል።

በ1952 ቱሪንግ የቼዝ ጨዋታ የሚጫወት ፕሮግራም ጽፎ ነበር፤ ለዚያ የሚበቃ ኮምፒዩተር ግን አልነበረም። እርሱም ራሱ ኮምፒዩተር ሆነ። ደንቡን በወረቀት ይዞ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል እያሰላ ከአንድ ባልደረባው ጋር ተጫወተ፤ ተሸነፈም። ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በወረቀት ደንብ የሚጫወትበት ክፍል ቢታይ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

በዚያው ዓመት ከወንድ ጋር ስለ ነበረው ግንኙነት በጊዜው በነበረው የእንግሊዝ ሕግ ተከሶ ተፈረደበት። ከመታሰር የሆርሞን ሕክምና መቀበልን መረጠ፤ ለመንግሥት ይሠራው የነበረውን የምስጢር ሥራም ተከለከለ። ጁን 7 ቀን 1954 ማንቸስተር አጠገብ በሚገኘው ቤቱ ሞተ፤ በማግስቱ የቤት ሠራተኛው ሬሳውን አገኘችው። ዕድሜው አርባ አንድ ነበረ። የሞተው በሲያናይድ መርዝ ነው፤ መርማሪው ራሱን ገደለ ብሎ ሲፈርድ፣ እናቱ ግን በቤቱ በኬሚካል ሲሞክር በድንገት የደረሰበት አደጋ ነው ስትል ኖራለች።

የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2009 ስለ ተፈጸመበት ነገር ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2013 ንግሥቲቱ ምሕረት ሰጠችው። በ2021 ደግሞ መልኩ በእንግሊዝ የሃምሳ ፓውንድ ገንዘብ ላይ ወጣ። በገንዘቡ ላይ ከፎቶግራፉ አጠገብ ከ1936ቱ ጽሑፍ የተወሰደ አንድ የደንብ ሠንጠረዥ ታትሟል። ሠንጠረዡ ትንሽ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ያለው አስተማሪ በጥቂት ደቂቃ ሊገለብጠው ይችላል።