የቀንድ አውጣው ተመራማሪ ጆን ጉሊክ (እ.ኤ.አ. 1832 - 1923)

ሁለት ቀንድ አውጣዎች መልካቸው ቢመሳሰል አንድ ዝርያ ናቸው ማለት ነው? ቢለያይስ ሁለት ናቸው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ የአንድ ሰው ዕድሜ ፈጅቷል። ሰውየው ጆን ቶማስ ጉሊክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉሊክ በ1832 በሀዋይ ደሴቶች ከሚሲዮናውያን ቤተሰብ ተወለደ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ በኦዋሁ ደሴት ተራሮች እየተዘዋወረ አካቲኔላ የሚባሉትን በዛፍ ላይ የሚኖሩ ባለቀለም ቀንድ አውጣዎች ይለቅም ጀመር። የአገሩም ሰዎች እየለቀሙ ያመጡለት ነበር። ታዲያ ጉሊክ ዛጎሉን ሰብስቦ ብቻ አላስቀመጠም፤ ከየትኛው ሸለቆ እንደተገኘም ይመዘግብ ነበር። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መዝገቡን ሲያስተያይ የአንዱ ሸለቆ ቀንድ አውጣ ከጎረቤቱ የተለየ ሆኖ አገኘው። ርቀቱ ሲጨምር ልዩነቱም ይጨምራል። ዝናቡ ያው፣ ዛፉም ያው! እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው?

መልሱ መነጣጠል ነው አለ ጉሊክ። ቀንድ አውጣ ሩቅ አይሄድም፤ የአካቲኔላ ቀንድ አውጣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን የሚጨርሰው በአንድ ዛፍ ላይ ነው። በሸንተረር ተለያይተው የማይዳቀሉ ወገኖች፣ አካባቢያቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ይህን ሐሳብ በ1872 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ከቻርልስ ዳርዊን ጋር ተገናኘ። አልፍሬድ ዋላስ ግን አልተቀበለውም፤ ለእኛ ዐይን አንድ የመሰለ ሸለቆ ለቀንድ አውጣው አንድ ላይሆን ይችላል ሲል ተከራከረ። ጉሊክ በቻይናና በጃፓን በሚሲዮናዊነት ሲያገለግልም ጥናቱን አልተወም። በ1905 መጽሐፉን አወጣ፤ በ1923 በሆኖሉሉ ዐረፈ።

ክርክሩ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። በ2002 የታተመ የዘረመል ጥናት አካቲኔላ ሙስቴሊና የተባለውን የኦዋሁ ዝርያ ሲመረምር፣ በአንድ ስም የሚጠሩት ቀንድ አውጣዎች በየተራራው ክፍል ተለያይተው የሚኖሩ ስድስት ወገኖች ሆነው ተገኙ።

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ እንዳይመስለን። ጫካው ተመነጠረ፣ አይጥም በላቸው። ሰብሳቢዎችም፣ ጉሊክ ራሱ ሳይቀር፣ ዛጎሉን በአሥር ሺዎች ለቀሙት። በ1955 ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ የተዛመተውን ግዙፍ ቀንድ አውጣ ያጠፋል ተብሎ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ወደ ሀዋይ ገባ፤ እርሱም ዞሮ የአገሩን ቀንድ አውጣዎች ፈጀ። በ1981 የአሜሪካ መንግሥት የአካቲኔላን ወገን በሙሉ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዘገበ። ስድስቱን ወገኖች አንድ ናቸው ብለን ከቆጠርን አንዱ ሲያልቅ ማንም ሳያውቅ ያልቃል።

እኛም ነገ በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎቻችንን ቅጠል፣ ድንጋይና ነፍሳት እናስለቅማለን። ስሙን ብቻ ጽፈው ቢያመጡ አይበቃም፤ ከየት እንዳገኙትም ይጻፉ። ጉሊክ ቦታውን ባይጽፍ ኖሮ ያ ሁሉ ዛጎል የመስኮት ጌጥ ሆኖ ይቀር ነበር።