የአተሩ መነኩሴ፤ ግሬጎር ሜንዴል

ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ዳሩ ግን ዘር በምን ሥርዓት እንደሚወረስ ቆጥሮ ያስረዳን ግሬጎር ሜንዴል ነው። በሥነ ሕይወት ትምህርታችን ስሙን ዘወትር ስለምናነሣ፣ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ ወደድሁ።

ሜንዴል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በሚባለው አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ለትምህርቱ ገንዘብ ቢያጥረው፣ እኅቱ ለጋብቻዋ ከተመደበላት ከፍላ ረዳችው። በ1843 ዓ.ም. በብርኖ ከተማ ገዳም ገባ። በ1850 ዓ.ም. የመምህርነት ፈተና ተፈትኖ ወደቀ። ነገር ግን ተስፋ ሳይቆርጥ በቪዬና ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ፣ ሒሳብና የዕፀዋት ትምህርት ተማረ።

ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ በገዳሙ አትክልት ቦታ በአተር መመራመር ያዘ። የአተር አበባ ወንዴና ሴቴ በአንድነት ስላሉበት ራሱን በራሱ ያራባል። ስለዚህ ሜንዴል አበባው ሳይበስል ከፍቶ ወንዴውን ክፍል እየነቀለ፣ የሌላ አተር ብናኝ በሴቴው ላይ ያደርግ ነበር። ድቡልቡሉን ከተጨማደደው ጋር ቢያዳቅል ፍሬው ሁሉ ድቡልቡል ሆነ፤ የተጨማደደው የጠፋ መሰለ። ያንኑ ፍሬ ዘርቶ በራሱ እንዲራባ ቢተወው ግን 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደደ ቆጠረ፤ ይኸውም ሦስት ለአንድ ያህል ነው። ከእነዚህ ድቡልቡሎች 565 ተክል ቢያበቅል፣ 193ቱ ድቡልቡል ብቻ፣ 372ቱ ሁለቱንም ዓይነት ሰጡ። በዚህም ተክል ለእያንዳንዱ ጠባይ ከወንዴው አንድ፣ ከሴቴው አንድ ውርስ እንደሚቀበል፣ አንዱም ሌላውን ሊሸፍን እንደሚችል ተረዳ።

ጥናቱን በ1865 ዓ.ም. በብርኖ ለተፈጥሮ ጥናት ማኅበር አሰማ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ታተመ። ልብ ያለው ሰው ግን እምብዛም አልነበረም። በ1868 ዓ.ም. የገዳሙ አበ ምኔት ሆኖ ተመረጠ፤ ለምርምር የሚተርፈውም ጊዜ አነሰ። በ1884 ዓ.ም. ዐረፈ። በ1900 ዓ.ም. ሦስት ሊቃውንት በየአገራቸው ተመራምረው ወደዚያው ውጤት ስለ ደረሱ ስሙ በዓለም ታወቀ።

እኔ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው፣ ዘር የሚመርጥ ገበሬ መልኩን ብቻ አይቶ እንዳይፈርድ ነው፤ ባማረው ፍሬ ውስጥ ያልታየ ጠባይ ተሸሽጎ ይኖራልና። ሁለተኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው፤ በፈተና የወደቀ ሰው ሁሉ ከዕውቀት አልወደቀም።