አባ ጎርጎርዮስ

አባ ጎርጎርዮስ (1595 ገደማ – 1658 እ.ኤ.አ.) ትውልዳቸው በዛሬው ደቡብ ወሎ በምትገኘው መካነ ሥላሴ የሆነ ኢትዮጵያዊ ካህንና ሊቅ ነበሩ። ጀርመናዊውን ሂዮብ ሉዶልፍን አማርኛ ያስተማሩ፣ ስለ ኢትዮጵያ ለጻፋቸው መጻሕፍትም ዋና የእውቀት ምንጭ የሆኑ ናቸው።

ሕይወት

በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ቀረቤታ ነበራቸው። አፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ካባረሩ በኋላ አገራቸውን ለቀው ሮም ገቡ፤ በዚያም በቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ገዳም ተቀመጡ። ሉዶልፍ በ1649 ወደ ገዳሙ ሲመጣ ግዕዝን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ነበር፤ አነጋገሩን ያቀኑለት ጎርጎርዮስና ጓደኞቻቸው ናቸው። በ1652 መስፍኑ ኤርንስት ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመኗ ጎታ አስመጣቸው። በቤተ መንግሥቱም ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ሃይማኖትና አስተዳደር ለቀረቡላቸው ጥያቄዎች መልስ ሰጡ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

በመጻሕፍቱ ውስጥ ያላቸው ድርሻ

ከዚያ በፊት ስፔናዊው ሉዊስ ደ ኡሬታ አገሪቱን ሳያይ በ1610 ያሳተመው መጽሐፍ በተረት የተሞላ ነበር። ሉዶልፍ ግን በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያሳትም መረጃውን ከማን እንዳገኘ በስም ገለጸ። አንባቢው ከጎርጎርዮስ የተሰማውን ከሌላ መጽሐፍ ከተወሰደው መለየት ይችላል። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ሲታተሙ ጎርጎርዮስ ካረፉ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ሆኖም በመጽሐፎቹ የፊት ገጽ ላይ በደራሲነት የተጻፈው የሉዶልፍ ስም ብቻ ነው። ዛሬ ብዙ የሳይንስ መጽሔቶች በሚከተሉት ደንብ ደራሲ የሚባለው ለጥናቱ ጉልህ አስተዋጽኦ ያደረገ፣ በጽሑፉ ዝግጅት የተሳተፈ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀና ኃላፊነቱን የሚጋራ ሰው ነው፤ ይህን ያላሟላ ረዳት በምስጋና ይጠቀሳል። ጎርጎርዮስ የታተመውን ሳያዩ ስለሞቱ በዚህ መለኪያ ደራሲ አይባሉም። ነገር ግን ደንቡ ራሱ ለሟች ወይም ከኅትመቱ ርቆ ለሚኖር የእውቀት ባለቤት ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ የእሳቸው ታሪክ ያስጠይቃል። ሉዶልፍ የመምህሩን ስም ባይጽፍ ኖሮ የመካነ ሥላሴው ሊቅ ድርሻ ከሉዶልፍ እውቀት ተለይቶ አይታወቅም ነበር።