ዳርዊንና መምህሮቹ

አይገባንም እያልን፥ ነገር ግን በአስተማሪው ምክንያት የተውነው ትምህርት ስንት ይሆን? የቻርልስ ዳርዊን ሕይወት ይህን ያሳስበናል።

ዳርዊን በ1809 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) በእንግሊዝ አገር፥ በሽሩስበሪ ከተማ ተወለደ። ሐኪም የነበሩት አባቱ በ1825 ሕክምና እንዲማር ወደ ኤዲንብራ ላኩት። እዚያ ፕሮፌሰር ጄምሰን የሚሰጡት የጂኦሎጂ ትምህርት እጅግ ስላሰለቸው በዕድሜው ሙሉ የጂኦሎጂ መጽሐፍ ላያነብ ቈረጠ። በዚያው ከተማ ግን ከባርነት ነፃ የወጡ፥ ጆን ኤድመንስቶን የሚባሉ ጥቁር ሰው የወፎችን ቆዳ ገፎ ማድረቅና መሙላት በክፍያ አስተማሩት። ከእኒህ ሰው ጋራ ተቀምጦ መጫወት ይወድ ነበር። (ካባ የለበሱ ፕሮፌሰር አልነበሩም!)

ሕክምናውን ትቶ በ1828 ካምብሪጅ ሲገባ የዕፀዋት መምህር የሆኑትን ሄንስሎን አገኘ። እርሳቸው ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ ማታም ቤታቸውን ይከፍቱላቸዋል። ዳርዊን ከአጠገባቸው ስለማይለይ ከሄንስሎ ጋራ የሚሄደው ሰው እስከ መባል ደረሰ። የጠላውን ጂኦሎጂ እንደ ገና እንዲጀምር የገፋፉትም እርሳቸው ናቸው። በ1831 ከፕሮፌሰር ሴጅዊክ ጋራ የዌልስን ዐለት ሲመረምር ከርሞ ቤቱ ሲመለስ፥ ቢግል በተባለችው መርከብ እንዲሄድ የሚጠራ የሄንስሎ ደብዳቤ ደርሶ ቈየው።

ጉዞው 5 ዓመት ያህል ፈጀ። ከዚያ ይዞት ከተመለሰው የሳይንስ ማስታወሻ አብዛኛው የጂኦሎጂ ነበር። በ1859 መጀመሪያ፥ ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ ገና ሳይታተም፥ የለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ዎላስተን የተባለውን ሜዳልያ ሸለመው።